ቦዲቲ፣ ደርሶ መልስ

ነገሩ የተጀመረው በሥጋ ነው። ሶዶ ውስጥ ብዙ ነገር የሚጀመረው በሥጋ ስለሆነ ይህ ብቻውን አያስገርምም። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አራት ሆነን አንድ ቁርጥ ቤት ቴሌቪዥን ሥር ተኮልኩለናል። ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ከአራታችን የሚጾመው አንዱ ብቻ ስለሆነ እሱ ስኒውን ይዞ ሥጋውን በዓይኑ ይበላል፤ ሦስታችን ዳጣ እያጠቀስን በአፋችን። ቴሌቪዥኑ የፓሪስ ኦሊምፒክን የወንዶች ማራቶን ያሳያል።

ታምራት ቶላ ብቻውን ወጥቶ ይገሰግሳል። እኔ ጉንጬን ሞልቼ ትንታኔ እሰጣለሁ። «ቸኮለ! ይሄ ልጅ መጨረሻ ላይ እግሩ ይተሳሰራል፤ አሁን መውጣት አልነበረበትም» አልኩ። ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ነው የተተካው። ምክሬን ሳይሰማ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ፣ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ከቤጂንግ ጀምሮ ይዞት የነበረውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለው። እኔም ወዲያው «ብያችሁ ነበር» አልኩ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀነኒሳ በቀለ ሠላሳ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ። «አርጅቷል፤ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር» ብዬ ወደ ሥጋዬ ተመለስኩ። ጾመኛው ወዳጄ ስኒውን አስቀመጠ። የተራበ ሰው ምሕረት የለውም።

«ቀነኒሳ ዕድሜው ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«አንተስ?»

ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ሲስል ብቻ ነበር። ከቀነኒሳ ጋር እኩዮች ነን።

«ይሄ ሰው በአንተ ዕድሜ ቬርሳይ ደርሶ ተመልሷል። አንተ እስቲ ቦዲቲ ደርሰህ ተመለስ።»

የፓሪሱ ሩጫ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ እስከ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሄዶ የሚመለስ ነበር። ቦዲቲ ደግሞ ከሶዶ በሻሸመኔ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። ደርሶ መልስ አርባ። እንዲህ ዓይነት ስሌት አፍ ላይ ሲሆን ቀላል ነው። ሁለት ኪሎ ቁርጥ ተወራረድን።

የኛ ውርርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሥጋው ጋር አብሮ ይፈጫል። ይኼኛውም በማግስቱ ይረሳ ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን ራሴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ነርሷ ክንዴ ላይ የጠመጠመችውን ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ ደግማ ነፋችና «ግፊት አለብህ» አለችኝ። አማርኛ ተንኮለኛ ቋንቋ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በማለዳ ከአልጋ የሚያስነሣኝ ግፊት አጣሁ ስል፣ ለካ ደም ሥሬ ውስጥ ተሸሽጎ ኖሯል! «ጨው ቀንስ፣ ሥጋ ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ» አለችኝ። ሁለቱ ለሶዶ ሰው የሚነገሩ አይደሉም። ሦስተኛውን መረጥኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት እንደ ዘመኑ ሰው አነቃቂ ንግግር ማዳመጥ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስልኬ «ተነሥ! አንተ አንበሳ ነህ!» እያለ ይጮኽብኛል። አንበሳ በቀን እስከ ሃያ ሰዓት እንደሚተኛ አንድ ቦታ አንብቤ ስለነበር፣ ምክሩን በሚገባ ተግባራዊ አድርጌ ብርድ ልብሱን እጎትታለሁ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ «አንበሳው ካልተነሣ ቢያንስ ስልኩን ያጥፋልን» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ጊፋታ አንድ ነገር ካላነሣሁ ነገሩ አይገባም። ጊፋታ በመስከረም የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ለዚያ ቀን ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው፣ ከወራት በፊት ጀምረው በቡድን ገንዘብ ያጠራቅማሉ። እኔ በጠባዬ አንድ ነገር ጀምሬ የማልጨርስ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ግማሽ የተቀባ ግድግዳ አለ። የበሬውን መዋጮ ግን አንድም ጊዜ አጓድዬ አላውቅም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። አንዲት ሳምንት ካለፈችኝ ገንዘብ ያዡ በር ላይ ቆሞ «ምነው፣ ደኅና ነህ?» ይለኛል። ደኅንነቴ እንዳላሳሰበው እኔም እሱም እናውቃለን።

ለሩጫዬ እንዲህ ያለ ገንዘብ ያዥ ያገኘሁት ሳልፈልግ ነው። ጥቅምት ላይ እንደምንም ሁለት ቀን ሮጥኩና በሦስተኛው ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ስወጣ፣ አስፋልቱ ዳር ሻይና ፓስቲ የሚሸጡት እናት ከጀበናቸው ቀና ሳይሉ «ትናንት ምነው ቀረህ?» አሉኝ። ከዚያ በፊት ተነጋግረን አናውቅም። ምን ልበል? «አሞኝ ነበር» አልኩ። በማግስቱ «ተሻለህ?» አሉኝ። እንግዲህ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ የቀረሁ እንደሆነ በሽታው ጸንቶብኛል ማለት ነው፤ ሶዶ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ቀን የሚዞራት ከተማ ናት። እኝህ ሴት ባይኖሩ ኖሮ ከጥቅምት አልዘልም ነበር። አነቃቂ ተናጋሪዎች ከሳቸው ቢማሩ መልካም ነው፤ አራት ቃል ብቻ ነው የተናገሩት፣ እሱንም በነፃ።

ልምምዱን ዳሞታ ሥር አደረግሁት። ዳሞታን የማያውቅ እንዲያውቀው ያህል፣ ከከተማው ራስጌ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ተጠግቶ የቆመ ተራራ ነው። ከታች ሲያዩት ይጋብዛል፣ ሲወጡት ይጸጸታሉ። አንድ ቀን አቀበቱን እያለከለክሁ ስወጣ ከኋላዬ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከቁመቷ የሚበልጥ የኮባ ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ ትመጣለች። እሷ ትራመዳለች፣ እኔ እሮጣለሁ። አለፈችኝ። ለረጅም ጊዜ የማየው ያንን ሰፊ አረንጓዴ ቅጠል ነበር፤ በእያንዳንዱ እርምጃዋ ጫፉ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ቻው ቻው የሚለኝ ይመስላል።

ጫማዬ ሰልባጅ ነው። ቁጥሩ 43፣ እግሬ 42። ሻጩ «እግር ሲሮጥ ያብጣል፣ ይሞላዋል» አለኝ። ይህን ያለው ለመሸጥ ቢሆንም ሳይንሱ ከሱ ጋር መሆኑን ኋላ ተረድቻለሁ። የስፖርት መምህር የሆነ ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ሳይንስ ነገረኝ፤ ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ስለሚሟጠጥ፣ ሯጩ ግድግዳ የተጋጨ ያህል ይሆናል አለ። «ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጥ፣ ቀስ በቀስ ጨምር፣ ሠላሳ አድርሰው።» እኔ ዐሥራ ስምንት አደረስኩት። ቀሪውን ለእግዜር ተውኩ።

የውርርዱ ቀን ሲቃረብ ሌላ ጣጣ ተነሣ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ቦዲቲ ደርሶ መልስ አርባ ነው። የጎደለው 2 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የት ይሮጥ? ኮሚቴው ቁርጥ ቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ለምን እዚሁ ስታዲየም አይዞርም?» አለ። በ400 ሜትር መም 105 ዙር ከ195 ሜትር ይሆናል። ለመቁጠር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስላልተገኘ ሐሳቡ ወደቀ። እኔ አርባው ራሱ ይበቃል ብዬ ተከራከርኩ። ሁለት ኪሎ ሜትርን የሚያህል ነገር ማን ያስተውላል?

እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ላይ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ስታዲየም ውስጥ በንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ሲደረግ ልኩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሆነ፤ በ1921 ደግሞ እሱው መደበኛ ርቀት ሆኖ ጸደቀ። ይህን ለኮሚቴው ሳስረዳ ጾመኛው «እንዲያ ከሆነ የኛም በመቀመጫችን ፊት ያልቃል» አለ። በሞተር ሳይክል ቆጣሪ ለኩና ወሰኑ፦ ከቦዲቲ ተመልሼ ቁርጥ ቤቱን አልፌ፣ ከተማውን ዞሬ፣ እንደገና ቁርጥ ቤቱ በር ላይ እጨርሳለሁ። አርባኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሥጋውን ሽታ አሽትቶ ማለፍ ያኔ ቀላል መሰለኝ።

የጥር መጨረሻ ቅዳሜ ሌሊት፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የድቻን ማልያ ለብሼ ወጣሁ። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን የሚያህል ቡድን ካይሮ ላይ በመለያ ምት ያሰናበተ ክለብ ስለሆነ ማልያው ጥቂት ተአምር ይኖረዋል ብዬ ነው። ጾመኛው በሞተር ሊከተለኝ ቃል ገብቶ ነበር። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከኋላዬ መብራት አበራልኝና «በዚህ ፍጥነት ሞተሩ ይጠፋብኛል» ብሎ ሊተኛ ተመለሰ።

ጎሕ ሲቀድ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበርኩ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከአጥራቸው ሥር ብድግ አሉ። ንግግራችን በወላይትኛ ነበር፤ በአማርኛ ስጽፈው ለዛው ጥቂት ይቀንሳል።

«አንተ ልጅ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባባ።»

«ታዲያ ማን ያባርርሃል?»

«ማንም።»

«ወዴት ነው?»

«ቦዲቲ።»

«ምን ልታደርግ?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። ሌላ መልስ የለኝም። «ልመለስ» አልኩ።

ሽማግሌው ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ሙሉ ሰው፣ በቁምጣ፣ በማለዳ፣ እያለከለከ፣ ሊመለስ ቦዲቲ ይሄዳል። መርዶ የያዘ ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ይቀባጥራል? ደግሞስ መርዶ የያዘ ሰው መች በመንገድ ይናገራል? ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ተነሡ። በሩጫ ላይ ሆኜ ወደ አጥሮቹ ሲጣሩ ይሰማኛል። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ሰባት ሰው ይከተለኛል፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ፍጥነቴን ብጨምር ጥርጣሬያቸው ይጠናል፣ ብቆም የማላውቀውን ሟች ስም ሊጠይቁኝ ነው። ያዳነኝ በባጃጅ ያለፈ ወጣት ነው። አንገቱን አውጥቶ «ስፖርት ነው! ስፖርት!» አላቸው። ሰባቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ። ፊታቸው ላይ እፎይታ ሳይሆን ቅሬታ ያየሁ መሰለኝ፤ ሴትየዋ ነጠላዋን እያቃናች ምን እንዳለች አልተረጎምላችሁም። ሽማግሌው ግን «ይህን ቀድሞ መናገር ነበር» ብለው መረቁኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ባዶ ቢጫ ጀሪካን እያንኳኳ ተቀላቀለኝ። ውኃ ሊቀዳ ተልኮ ነው። አራት ኪሎ ሜትር ያህል አብሮኝ ሮጠ፤ ሲሮጥ ሙሉውን ያወራል። «ጋሼ፣ ስንት ትሸለማለህ?» «ጋሼ፣ ኃይሌን ታውቀዋለህ?» «ጋሼ፣ ለምን ቀስ ትላለህ?» የመጨረሻውን ጥያቄ በምሬት አልነበረም የጠየቀኝ፤ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ምንጩን አልፎ እንደመጣ ድንገት ትዝ ሲለው እንደ ጥይት ወደ ኋላው ተፈተለከ። ያንን ሩጫ ያየ የአትሌቲክስ አሠልጣኝ አለመኖሩ ያሳዝናል።

ቦዲቲን በሰላም ደረስኩ፣ ለማስረጃ ፎቶ ተነሣሁ፣ ዞርኩ። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው፤ ማለትም የጀመረው ከዋዜማው ማታ ነው። ጉልበት ይሆነኛል ብዬ በቅቤ የራሰ ሙቿ ከዳጣ ጋር በልቼ ነበር። ሃያ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳጣው መውጫ ፈለገ።

ጫካ ባለበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ ነው። የወላይታ ገጠር ግን በኢትዮጵያ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከእያንዳንዱ እንሰት ጀርባ ቤት አለ፣ ከቤቱ ጀርባ ሌላ እንሰት፣ ከሱ ጀርባ የሚታዘብ ሕፃን። ይህን የሕዝብ ጥግግት በመማሪያ መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። በመጨረሻ አንድ ግቢ ዘልቄ ለቤቷ እመቤት በምልክት ነገርኳት። ሳትስቅ መጸዳጃ ቤቱን አሳየችኝ።

ስወጣ በርጩማ ተዘጋጅቷል። በሰው ቤት ይህን የሚያህል ውለታ ተቀብሎ ሳይቀመጡ መሄድ ይቻላል? ሃይታ ቱኬ ቀረበ፤ የቡና ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር የፈላ፣ ጨው ያለበት። (ነርሷ ይህን እንዳታነብ።) ከሱ ጋር ቦዬ መጣ። ባልየው መጣ። አጎቴን ያውቃል። አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ጃፓናዊውን ሺዞ ካናኩሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ማራቶን ሲሮጥ ሙቀቱ በርትቶበት፣ መንገድ ዳር ግቢያቸው ውስጥ የሚጠጡ ሰዎች አይቶ ጎራ አለ። ጠጣ፣ አረፈ፣ ከዚያ ለማንም ሳይናገር አገሩ ገባ። በ1967 ስዊድኖቹ ጠርተውት ሩጫውን ጨረሰ፤ ሰዓቱም 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ተብሎ ተመዘገበ። ስዊድኖች ይህን ያህል እንግዳ ተቀባይ ከሆኑ፣ ካናኩሪ ወላይታ ቢመጣ ኖሮ ጨርሶም አይመለስም ነበር።

ግድግዳው በተነገረኝ ቦታ፣ ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠበቀኝ። ጭኔ የኔ መሆኑን አቆመ። ትልቁ ጫማ ውስጥ እግሬ ወዲያ ወዲህ ሲል ተረከዜ ተላጠ። ያኔ አበበ ቢቂላ መጣብኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው፣ አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ነው ይባላል። «እኔስ?» አልኩና ጫማዬን አወለቅሁ። አበበ የሮጠው ከልጅነቱ የለመደ እግር ይዞ ነው። የኔ እግር ከቢሮ ወንበር ሥር ሃያ ዓመት በካልሲ ያደገ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ጠጠሩ ላይ እንደ ዶሮ ዘለልኩና ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሩጫ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ባጃጆች እየቆሙ «ጋሼ፣ ሆስፒታል ነው?» ይሉኛል።

ቁርጥ ቤቱን በአርባኛው ኪሎ ሜትር ሳልፍ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። የከተማውን ዙር ጨርሼ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ስንገዳገድ አንድ ሊስትሮ ሣጥኑን ጥሎ ክንዴን ያዘኝ። በሱ ተደግፌ በሩን ረገጥኩ። ሰዓቱ 7 ከ10 ነበር፤ ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ታምራት በዚህ ጊዜ ሦስት ማራቶን ጨርሶ አራተኛውን ከግማሽ በላይ ያደርሰዋል።

ጠረጴዛው ላይ ባዶ ትሪ ነበር።

«ይቀዘቅዛል ብለን በላነው» አሉኝ። ቁርጥ ሥጋ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጾመኛው፣ ያን ቀን ጾም ስላልነበረ፣ ከሁሉም በላይ ወዝቷል። አፉን እየጠረገ «ደግሞም ተደግፈህ ነው የገባኸው» አለኝ። «እ.ኤ.አ. በ1908፣ አንተው በምትጠቅሳት ለንደን፣ ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ አንደኛ ገብቶ የለም? ዳኞች ደግፈው ስላስገቡት ተሰርዟል።» ታሪክ ለሰው ማስተማር መጨረሻው ይሄ ነው።

ለሦስት ሳምንት አልሮጥኩም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የቢሮውን ደረጃ የምወርደው ፊቴን ወደ ላይ አዙሬ፣ እንደ ሸርጣን ነበር። ከዚያ እግሬ ዳነ፣ እኔ ግን አልዳንኩም። ግቤ አልቋል፣ ምን ብዬ ልነሣ? ሻይ ሻጯ እንዳይጠይቁኝ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ልጄን ፓስቲ ሊገዛ ስልከው «አባትህ ተሻለው?» ብለውታል። ጫማዬ በረንዳ ላይ ሆኖ ውስጡ ሸረሪት ድር ሠርታለች።

የካቲት ሊያልቅ ሲል በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቦዲቲ ተላክሁ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ ዳቦ እየገመጥኩ ነበር። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ረዳቱ ሰው ሊጭን አስቆመ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከአጥራቸው ሥር ብድግ አሉ። በመስኮቱ አዩኝ፤ ቀረብ ብለው ከቁምጣ ወደ ሱሪ፣ ከማልያ ወደ ኮት መለወጤን አስተዋሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጋቢያቸውን ቀስ ብለው አጣፉና መስታወቱን በጣታቸው መቱ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው በመኪና? ማን ሞተ?»